ፀሐይ፣ ቆዳና ቅጠል፤ ዕፀዋት የቆዳን ሕዋሳት ከፀሐይ ጉዳት እንዴት እንደሚረዱ የታወቀበት ታሪክ በአጭሩ

በአገራችን ፀሐይ የምታመጣውን ሕመም የማያውቅ ሰው የለም። ገበሬው ከእርሻ፣ ተማሪው ከረጅም መንገድ ሲመለስ ራሱን ቢያመው፣ ትኩሳት ቢይዘውና ከንፈሩ ላይ ቍስል ቢወጣበት «ምች መታው» ይባላል። ወዲያውም እናቱ ወደ ጓሮ ወጥታ ዳማከሴ ትቀነጥሳለች፤ ቅጠሉንም በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ታሸትተዋለች፣ ገላውን ትቀባዋለች፣ ጥቂትም በቡና ታጠጣዋለች። ስለዚህ ፀሐይን፣ ሕመምንና ቅጠልን በአንድ ሐሳብ ማያያዝ ለእኛ ከመጽሐፍ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ልማድና የተመረመረ ዕውቀት አንድ አይደሉም። «ቅጠል ከፀሐይ ጉዳት ያድናልን?» ተብለን ብንጠየቅ፣ «አዎን» ወይም «የለም» ብለን ብቻ ልንመልስ አንችልም። የቆዳን ሕዋስ (ሴል) የሚረዳ ተክል እንዳለ ሁሉ፣ ፀሐይን በቆዳ ላይ የሚያስቈጣ ተክልም አለ። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ በአንድ ጓሮ ይበቅላሉ። በዚህ ጽሑፍ ሊቃውንት አንዱን ከሌላው እንዴት እንደለዩ ታሪኩን በቅደም ተከተል ለማሳየት እንሞክራለን። ከታሪኩ የምናገኘው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የሚረዳውን ቅጠል ከሚጎዳው የለየው የቅጠሉ ዝና ወይም የልማዱ ዕድሜ ሳይሆን፣ በጥንቃቄ የተደረገ ማመሳከርና መለካት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. ፀሐይ የምታቃጥለው በምንድን ነው?

በተማርንበት የሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከውጭ አገር የመጡት መምህራን ሰፊ ባርኔጣ ሳያደርጉ ወደ ኳስ ሜዳ አይወጡም ነበር። እኛ ግን በቀትር ራሳችንን ሳንሸፍን ስንሯሯጥ እንውል ነበርና፣ «ሙቀቱ የሁላችንም ሆኖ ሳለ እነርሱን ለይቶ የሚያቃጥላቸው ስለ ምንድን ነው?» እያልን እንገረም ነበር። ይህንኑ ጥያቄ ሰር ኤቨራርድ ሆም የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ከእኛ በፊት አንሥተውት ነበር። በ1821 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ አንድ እጃቸውን ገልጠው፣ ሌላውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው በፀሐይ ላይ አዋሉ። ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ያለው ሙቀት ይበልጥ ነበር፤ የተቃጠለው ግን የተገለጠው እጅ ሆነ። ሆምም ከዚህ ተነሥተው ጥቁር የቆዳ ቀለም ከፀሐይ ቃጠሎ መከላከያ ነው አሉ።

እንግዲህ የሚያቃጥለው ሙቀት ካልሆነ ምንድን ነው? የዚህ መልስ ከሆም ሙከራ በፊት በሌላ ሰው እጅ ተገኝቶ ነበር። ዮሐን ቪልሄልም ሪተር የተባሉ ጀርመናዊ በ1801 ዓ.ም. ከቀስተ ደመናው ሐምራዊ ቀለም ወዲያ ዓይን የማያየው፣ የብር ጨውን ግን የሚያጠቍር ጨረር እንዳለ አግኝተው ነበር፤ እርሱም ዛሬ አልትራቫዮሌት የምንለው ነው። ሁለቱን ነገሮች ያገናኙት ደግሞ ስዊድናዊው ኤሪክ ዮሐን ቪድማርክ ናቸው። በ1889 ዓ.ም. ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ሙቀት ሳይሆን ይኸው አልትራቫዮሌት ጨረር መሆኑን በሙከራ አስረዱ።

የሆም ሐሳብም ኋላ በቍጥር ተደገፈ። በ1979 ዓ.ም. በታተመ ጥናት የቆዳ የላይኛው ሽፋን ምን ያህል ጨረር እንደሚከለክል ሲለካ፣ የጥቁር ሰው 13.4፣ የነጭ ሰው 3.4 ሆኖ ተገኘ። በዚህ ግን መኵራት አይገባንም። ያለ ቀለም የተወለዱ ወገኖቻችን፣ ማለት አልቢኒዝም ያለባቸው፣ ይህ ጋሻ የላቸውም። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቍጥር የአልትራቫዮሌቱ ኀይል ከመቶ ከ10 እስከ 12 እጅ ይጨምራል፤ ስለዚህ በደጋ የሚኖር ሰው ብርድ ስለ ተሰማው ብቻ ፀሐይዋ የቀለለች ሊመስለው አይገባም። አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖች በአፍሪካ ፀሐይ ሥር የቆዳ ነቀርሳ ሕይወት የሚቀጥፍ ነገር ነው። ይህን ታሪክ መማራችንም ለትምህርት ጌጥ ብቻ እንዳይሆን የሚያሳስበን የእነርሱ ነገር ነው።

ለ. በሕዋስ ውስጥ የሚደርሰው ጉዳት

ቆዳ ሲቀላና ሲላጥ የምናየው የውጭውን ምልክት ነው። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው በሕዋሱ ውስጥ፣ ዲኤንኤ በተባለው የዘር ጽሑፍ ላይ ነው። ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ ቦይከርስና ቤሬንድስ፣ በ1960 ዓ.ም. እንዳሳዩት፣ አልትራቫዮሌት ጨረር ከዲኤንኤ ፊደላት አንዱ የሆነውን ታይሚን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። በዲኤንኤም ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ፊደላት በዚህ ዓይነት ይጣበቃሉ። የተጣበቀ ፊደል ደግሞ በትክክል አይነበብም፤ በሚገለበጥበትም ጊዜ ስሕተት ይወልዳል።

ሕዋሱ ግን ዝም ብሎ አይመለከትም። የብራና ጸሐፊ ሲሳሳት በወረንጦና በካራ ስሕተቱን ፍቆ በሥፍራው ትክክለኛውን እንደሚጽፍ ሁሉ፣ ሕዋስም የተበላሸውን ቍራጭ ቈርጦ አውጥቶ በምትኩ ሌላ ይጽፋል። ይህን በ1964 ዓ.ም. ሪቻርድ ሴትሎና የሥራ ባልደረባቸው ካሪየር በባክቴሪያ አሳዩ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ጄምስ ክሊቨር ዜሮደርማ ፒግሜንቶሱም በተባለ የዘር በሽታ የተያዙ ሰዎች ሕዋሳት ይህን የመፋቅ ሥራ በሚገባ ለመሥራት እንደማይችሉ አገኙ። እነዚህ ሰዎች ገና በልጅነታቸው በቆዳ ነቀርሳ ይያዛሉ። ከዚህም የምንረዳው፣ በጤነኛ ሰው ቆዳ ውስጥ በያንዳንዱ ቀን የማይታይ ጥገና እንደሚካሄድ ነው።

ሁለተኛው የጉዳት መንገድ ቀጥተኛ አይደለም። ጨረሩ፣ ይልቁንም ረዘም ያለው አልትራቫዮሌት ኤ፣ በሕዋሱ ውስጥ ኦክሲጅንን ያስቈጣል። የተቈጣው ኦክሲጅንም የሕዋሱን ስብ፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ያበላሻል። እንግዲህ አንድ ተክል ቆዳን ረዳ ለማለት ከሚከተሉት አንዱን ወይም ከአንዱ የበለጠ ማድረግ አለበት፤ ጨረሩ ወደ ሕዋሱ ሳይደርስ መዋጥ፣ የተቈጣውን ኦክሲጅን ማብረድ፣ የቆዳውን መቆጣት ማስታገሥ፣ ወይም ጥገናውን ማገዝ።

ሐ. የሚያቃጥለው ቅጠል

ከሚረዳው በፊት የሚጎዳውን እናስቀድማለን፤ ምክንያቱም ሊቃውንት ስለ ተክልና ስለ ፀሐይ በጥልቅ የተማሩት በመጀመሪያ ከዚህ ወገን ነው።

አሚ ማዩስ የተባለው፣ ነጭ አበባ ያለው የድንብላል ዘመድ፣ በግብፅ በናይል ዳር ይበቅላል። በ13ኛው መቶ ዓመት የነበሩት የማላጋው ተወላጅ ኢብን አል ባይጣር፣ ሰሜን አፍሪካውያን የዚህን ተክል ዘር ለለምጽ በሽተኞች እያበሉ በፀሐይ እንደሚያስቀምጧቸው ጽፈዋል። ለምጽ ስንል እዚህ ቆዳ ቀለሙን የሚያጣበትን በሽታ ማለታችን ነው። በሽታው አይጋባም፣ አካልንም አይቈርጥም፤ ነገር ግን ስሙ ከሥጋ ደዌ ጋር ስለ ተደባለቀ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ከማኅበር ሲርቅ ኖሯል።

በ1940ዎቹ ዓመታት የካይሮው ሐኪም አብደል ሞነይም ኤል ሞፍቲ ይህን የጥንት መድኀኒት እንደገና መረመሩት። ፋህሚና አቡ ሻዲ የተባሉ ግብፃውያን የኬሚስትሪ ሰዎች በ1947 ዓ.ም. ከዘሩ ውስጥ የሚሠራውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ ዛሬ ሜቶክሲሶራለን ይባላል። ኤል ሞፍቲም በ1948 ዓ.ም. በለምጽ በሽተኞች ላይ ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። መድኀኒቱ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ግን በዲኤንኤ ሁለት ገመዶች መካከል ገብቶ አንዱን ከሌላው ጋር ያስራል። በልክ ከተሰጠ ለምጹ ቀለም ይመለስለታል፤ ከልክ ካለፈ ግን ቆዳው ይቃጠላል፣ ውኃም ይቋጥራል።

የዚህ ወገን ንጥረ ነገሮች ፉሮኩማሪን ተብለው ይጠራሉ፤ በአሚ ማዩስ ብቻም አይገኙም። ፍሮይንድ በ1916 ዓ.ም. የቤርጋሞት ዘይት ያለበት ሽቶ ተቀብተው በፀሐይ የቆዩ ሰዎች አንገታቸው እንደሚጠቍር ገልጠው ነበር። ኩስከ የተባሉ የስዊስ ሐኪም ደግሞ በ1938 ዓ.ም. ተክሎች ቆዳን ለፀሐይ የሚያጋልጡበት ምክንያት እነዚሁ ፉሮኩማሪኖች መሆናቸውን አሳዩ።

ነገሩ ሩቅ እንዳይመስለን! ፉሮኩማሪን በሎሚ፣ ይልቁንም በልጣጩ ውስጥ አለ፤ በጤና አዳምም ውስጥ አለ። ከእኛ መካከል አንዱ ባለፈው የትንሣኤ ዕረፍት ለአያቱ ጤና አዳም ቈርጦ በእቅፉ ተሸክሞ በቀትር ብዙ መንገድ ሄደ። በማግሥቱ ሁለት ክንዶቹ ቀሉ፣ ውኃም ቋጠሩ። ጎረቤቱ ሁሉ «አልማዝ ባለጭራ ነው» አለ። አያቱም «ልጄን ዓይን በላብኝ» ብለው አዘኑ፤ ያን የሚያህል ጤና አዳምም አንሥተው በቍስሉ ላይ ሊያሹለት ፈለጉ። እርሱ «እማማ፣ ይቅር» ብሎ እምቢ ያለው ስለ ሽታው እንጂ ስለ ዕውቀቱ አልነበረም። ምክንያቱን ያወቀው ወደ ኮሌጅ ተመልሶ ስለ ፉሮኩማሪን ባነበበ ጊዜ ነው። ጥቁሩ ምልክት ግን ወራት ቆየበት። ይህን ስንል በቡና ስኒ ውስጥ ጣል የምትደረገውን ቅንጣት መንቀፋችን አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ጭማቂው በቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲያገኘው ነው። ጤና አዳም ስሙ ጤና ስለ ሆነ ብቻ ለፀሐይ መከላከያ እንዲሆን ቢቀባ ግን ምን ሊያመጣ እንደሚችል ይህ ምሳሌ በቂ ነው። ፊታቸው እንዲጠራ ሎሚ ቀብተው ወደ ፀሐይ የሚወጡትም ይህንኑ ቢያስቡበት መልካም ነው።

በ1974 ዓ.ም. ፓሪሽ፣ ፊትዝፓትሪክና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ሜቶክሲሶራለንን ከአልትራቫዮሌት ኤ መብራት ጋር አጣምረው ሶራያሲስ ለተባለው የቆዳ በሽታ አዋሉት፤ ለብዙዎችም ጠቀመ። በ1979 ዓ.ም. ግን ሮበርት ስተርንና ባልደረቦቻቸው በሽተኞቹን ተከታትለው የቆዳ ነቀርሳ እንደበዛባቸው አሳወቁ። አንዱ ተክል በአንድ እጁ መድኀኒት በሌላው ጉዳት የያዘ መሆኑ የታወቀው እንዲህ ባለ ትዕግሥት የተሞላ ክትትል ነው።

መ. የሚረዳው ቅጠል

ሰው ከተክል የወጣ ነገር ለፀሐይ መከላከያ ብሎ በሳይንስ መንገድ መሞከር የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሐመር በ1891 ዓ.ም. ከሲንኮና ልጥ የሚገኘውን ኪኒን በቆዳ ላይ በመቀባት ጨረሩን ለመከላከል ሐሳብ አቀረቡ። የሐምቡርጉ ፓውል ኡና በበኩላቸው ከፈረስ ደረት ነት ዛፍ ልጥ በሚወጣው ኤስኩሊን ቅባት አሠሩ። ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ለገበያ በቀረበው ቅባት ውስጥም የሲናሚክ አሲድ ዘር ገብቶ ነበር፤ ይህ አሲድ ስሙን ያገኘው ከቀረፋ ነው።

ተክሎች ራሳቸው ይህን ጥበብ ከሰው በፊት ያውቁታል። ተክል ወደ ጥላ ሮጦ ሊሸሸግ አይችልም፤ ስለዚህ በቅጠሉ ገጽ ላይ ጨረር የሚውጡ ንጥረ ነገሮችን ያዘጋጃል። በ1993 ዓ.ም. ሊና ባልደረቦቻቸው አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ ተክል ላይ ሲመረምሩ፣ ፍላቮኖይድ የተባሉትን ለመሥራት ያልቻሉት ዘሮች በአልትራቫዮሌት ቢ ክፉኛ እንደሚጎዱ አገኙ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ላንድሪ፣ ቻፕልና ላስት የሲናሚክ አሲድ ዘመድ የሆኑ ንጥረ ነገሮች ለዚያው ተክል ዋና ጋሻ መሆናቸውን አሳዩ። ስለዚህ የቅባት ሠሪው ኬሚስትና ቅጠሉ በተለያየ መንገድ ሄደው በአንድ ቤተ ዘመድ ንጥረ ነገር ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ከቅጠል የወጣው ነገር በሰው ሕዋስ ይህንኑ ያደርጋልን? ስለ ሻይ የተደረገው ምርመራ መልካም ትምህርት ይሰጠናል። በ1991 ዓ.ም. ዋንግ፣ ቢከርስና ሙክታር የአረንጓዴ ሻይ ፖሊፌኖል የጠጡ አይጦች በአልትራቫዮሌት ቢ የሚመጣው የቆዳ ዕጢ እንደቀነሰላቸው አሳተሙ። በ2001 ዓ.ም. ኤልመትስና ባልደረቦቻቸው የሻዩን ጭማቂ በፈቃደኞች ቆዳ ላይ ቀብተው ጨረር ቢያሳዩት፣ መቅላቱ፣ የሞቱት ሕዋሳትና የዲኤንኤው ጉዳት አነሰ። እስከዚህ ድረስ ሁሉ ነገር ያማረ ይመስላል። በ2015 ዓ.ም. ግን ፋራርና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ 50 ጤነኛ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን የሻይ ካተኪን በቀን 1080 ሚሊግራም ከቫይታሚን ሲ ጋር፣ ለሌላው ወገን መድኀኒት የሌለበት አምሳያ ለ12 ሳምንት ሰጡ። በመጨረሻው በሁለቱ ወገኖች ቆዳ መቅላት ላይ ቍም ነገር የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በአይጥ የሠራ በሰው፣ ሲቀባ የረዳ ሲዋጥ ላይሠራ ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን በመካከለኛው አሜሪካ የሚበቅል ፖሊፖዲየም ሊውኮቶሞስ የተባለ የፈርን ዓይነት ነው። የአገሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ለቆዳ በሽታ ይጠቀሙበት ነበር። እዚህ ላይ የሚያቃጥለው ተክልና የሚረዳው ተክል በአንድ ሙከራ ተገናኙ። በ1997 ዓ.ም. ሳልቫዶር ጎንዛሌዝና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም መካከል ስለ ሶራለን ያጠኑት ፓታክና ፊትዝፓትሪክ ነበሩበት፣ የፈርኑ ጭማቂ ሲቀባም ሲዋጥም የፀሐይን ቃጠሎ ብቻ ሳይሆን በሶራለን የሚመጣውንም ቃጠሎ እንደሚያቀንስ በሰው ቆዳ ላይ አሳዩ። በ2004 ዓ.ም. በ9 ጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ሌላ ሙከራ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 7.5 ሚሊግራም ከዋጡ በኋላ ቆዳው ብዙም አልቀላም፣ የተቃጠሉት ሕዋሳትና የተጣበቁት የዲኤንኤ ፊደላትም አነሱ። ልብ እንበል፤ አነሱ እንጂ አልጠፉም፤ የሰዎቹም ቍጥር 9 ብቻ ነው።

ይህን ልዩነት ነጋዴ አይወደውም። በ2018 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት አስተዳደር ቆዳን ከፀሐይ የሚከላከል ኪኒን ነው እያሉ የሚሸጡ ድርጅቶችን አስጠንቅቆ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትን ሊተካ የሚችል ኪኒን ወይም እንክብል እንደሌለ ለሕዝብ አስታወቀ። ተክሉ ረዳት ነው፤ ረዳት ግን በጋሻ ፋንታ ሊቆም አይችልም።

ሠ. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን ከሁሉ አስቀድመው የያዙት ጥላ፣ ነጠላና ባርኔጣ ዛሬም ከሁሉ ይቀድማል። ሁለተኛው ሥፍራ የተፈተነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው፤ ያለ ቀለም ለተወለዱት ወገኖቻችን ይህ የውበት ዕቃ ሳይሆን እንደ መድኀኒት መቆጠር ይገባዋል። የተክል ጭማቂ በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል፤ እርሱም በሰው ላይ የተፈተነው ብቻ።

ሁለተኛ፣ ወደ ተነሣንበት ወደ ዳማከሴ እንመለስ። የምች ከንፈር ቍስል የሚመጣው ሄርፐስ ከተባለው ቫይረስ ሲሆን፣ አልትራቫዮሌት ጨረር ቫይረሱን ከተኛበት እንደሚቀሰቅሰው በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ ፀሐይንና የከንፈርን ቍስል ያገናኘው ሕዝባችን በአስተያየቱ አልተሳሳተም። የአገራችን ተመራማሪዎችም በ2003 ዓ.ም. የዳማከሴ ጭማቂ የአይጦችን ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳትመዋል። ከትኩሳት ማብረድ እስከ ሕዋስ መጠበቅ ድረስ ግን ብዙ መንገድ ነው፤ ያንንም መንገድ በግምት ዘልለን ልናልፈው አይገባም። ሰር ኤቨራርድ ሆም ያስፈለጓቸው ሁለት እጆች፣ አንድ ጨርቅና እውነተኛ ጥያቄ ነበሩ፤ አንዱ እጅ ተገለጠ፣ ሌላው ተሸፈነ፣ ልዩነቱም ታየ። ዕፀዋትና ኬሚስትሪ የሚማሩ ጓደኞቻችን በያካባቢያቸው ስላለው ቅጠል ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ቢያነሡ፣ ከእናቶቻችን ጓሮ የሚረዳው ከሚያቃጥለው ተለይቶ ይወጣል። በክንዱ ላይ ጥቁር ምልክት ይዞ ከዕረፍት የተመለሰው ጓደኛችንም ሕመሙ በከንቱ አልቀረም ማለት ነው።

በጽሑፋችን ውስጥ ጉድለት ቢገኝ መምህራንና ጓደኞቻችን እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።